የሕይወት ታሪኩ ያልተነበበለት
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ እንድንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ድንገት ከመካከላችን ስለሚወሰድ ሰውና ከተወሰደ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ነው። ይህ የሽማግሌዎች ጭውውት እንጂ የተማሪዎች መነጋገሪያ ሊሆን አይገባውም የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ድንገተኛ ሞት የትምህርት ዘመን እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ዕድሜም አይጠይቅም። ደግሞም እኛ ተማሪዎች ነን የምንል ሰዎች የሞቱትን ሰዎች ሥራ ስናነብ የምንውል ነን። የምንማርበት መጽሐፍ አብዛኛው የሙታን ቃል ነው። ስለዚህ ከሰው ሕይወት ምን ይቀራል፣ የቀረውንስ ማን ይረከበዋል የሚለው ጥያቄ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል።

አገራችን ሐዘንን የምታስተናግድበት የቆየ ሥርዓት አላት። ሰው ሲሞት የዕድር ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎረቤትና ዘመድ ለቅሶ ይደርሳል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ዘር፣ ደግነቱንና ጀግንነቱን እየጠራች ነው። በከተማ ደግሞ በቀብሩ ዕለት የሟቹ የሕይወት ታሪክ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ የት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረ፣ ምን እንደ ሠራ፣ ማንን ትቶ እንደ ሄደ ይነገራል። ከዚያም ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እየተከተለ ይመጣል።

ይህ ሥርዓት ሁለት ነገር ይፈጽማል። አንደኛ፤ ቀሪው ሰው አልቅሶና አፈር አልብሶ እርሙን ያወጣል። እርም ማውጣት ማለት መርሳት አይደለም፤ የሞተውን መሞቱን አምኖ፣ ሐዘንን በወጉ ተወጥቶ፣ ወደ ሥራ መመለስ ማለት ነው። ሁለተኛ፤ ያ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ምን ሠርቶ እንዳለፈ በአደባባይ ይቆጠራል። ከመቃብር በላይ የሚውል ሥራ የሚባለው ቆጣሪና መስካሪ ሲኖረው ነው።

እንግዲህ ሬሳው ያልተገኘውስ ሰው? ጡሩምባ ያልተነፋለት፣ ድንኳን ያልተተከለለት፣ የሕይወት ታሪኩ ያልተነበበለትስ? ይህ በአገራችን በቅርብ ዘመን የብዙ ቤት ጥያቄ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጇ ተገድሎባት ማልቀስ የተከለከለች እናት ብዙ ነበረች። ትንሹ ብቻ ሳይሆን ትልቁም ከዚህ አላመለጠም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወታቸው ያለፈው በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ነው፤ አፅማቸው በቤተ መንግሥት ግቢ የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፤ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ከሞት እስከ ቀብር 25 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተገድለው፤ አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነበር። እነዚህ ቢዘገይም ተቀበሩ፤ ቢዘገይም ተለቀሰላቸው። አፅማቸው እንኳ ያልተገኘ ግን አሉ።

ከነዚህ አንዱን ዛሬ ልናነሣ እንወዳለን። የመረጥነውም ከሌሎች አብልጠን ሳይሆን የኛው የዩኒቨርስቲ ተማሪ የነበረ፣ የተማሪዎችንም ጋዜጣ ያዘጋጀ ሰው ስለ ሆነ ነው። እሱም ደራሲው በዓሉ ግርማ ነው።

በዓሉ ግርማ እንዴት እንደ ጠፋ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር ተገኘች፤ ሰውየው ግን አልተገኘም። ከዚያ በፊት በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የሚለው መጽሐፉ ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነበር፤ እሱም ከሥራው ተባሮ ነበር። ይህን ታሪክ ሻይ ቤት ተቀምጠን ደጋግመን አውርተነዋል። ማን ወሰደው፣ የት አደረሱት፣ ማን አዘዘ እየተባባልን ተከራክረናል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ስለ መጥፋቱ ይህን ያህል ካወቅን፤ ስለ መኖሩ ምን ያህል እናውቃለን? ከመካከላችን «ኦሮማይ»ን ያነበበ እጁን ቢያወጣ ብዙ እጅ ይታያል። «ደራሲው»ን ያነበበ ቢባል እጁ ይቀንሳል። «የኅሊና ደወል»ን ያነበበ ቢባል ግን ጥቂት ጣቶች ብቻ እንደሚቀሩ እንገምታለን። ድንገተኛ ማጣት ሁለተኛ ጉዳት የሚያደርሰው እንዲህ ሆኖ ነው። የመጨረሻው ቀን ትልቅ ጥላ ሆኖ ከኋላው ያለውን የብዙ ዓመት ሥራ ይሸፍነዋል። ያጠፉት ሰዎች ሕይወቱን ቢወስዱ፤ እኛ ደግሞ አጠፋፉን ብቻ እያወራን ሕይወቱን ደግመን እንወስድበታለን።

ስለዚህ በዚያን ጊዜ በመቃብር አፋፍ ሊነበብ የሚገባው የነበረውን የሕይወት ታሪክ ባጭሩም ቢሆን ዛሬ እዚህ ልናነበው እንሞክራለን።

በዓሉ ግርማ በ1930ዎቹ በኢሉባቦር በሱጴ ተወለደ። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከታተለ። ወደ ዩኒቨርስቲ ሲገባ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የሚባለውን የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጀ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርስቲ በጋዜጠኝነት የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። ሲመለስ የ«መነን» መጽሔት፣ የ«አዲስ ሪፖርተር»፣ የ«አዲስ ዘመን» እና የ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» አዘጋጅ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ሥራው እንዲህ በየዕለቱ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚያሯሩጥ ሆኖ ሳለ ስድስት ልብ ወለድ መጻሕፍት ጽፎ አሳተመ።

የመጀመሪያው «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። አበራ ወርቁ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ሠዓሊ ለመሆን ይመኛል፤ የወር ደመወዙና የዘመድ ምክር ግን ከወንበሩ ጋር አስረውታል። የሚወደውን ሥራ ነገ እሠራለሁ እያለ ዛሬውን የሚያሳልፍ ሰው ታሪክ ነው። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ስለሚጠብቀው ሕይወት ቆም ብሎ ሳያስብ አይቀርም። ሁለተኛው «የኅሊና ደወል» በ1966 ዓ.ም. ወጣ። ሐዲስ ሣህሌ የተባለ ወጣት መምህር ወደ ገጠር ሄዶ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ይታገላል። በዓሉ ይህን ታሪክ ትቶት አልሄደም፤ በኋላ አስፋፍቶና አድሶ «ሐዲስ» በሚል ስም በ1975 ዓ.ም. መልሶ አቀረበው። ደራሲ አንድን መምህር ሁለት ጊዜ ከጻፈ ነገሩ ከልቡ ነበር ማለት ነው። በ1972 ዓ.ም. «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» ታተሙ። «ደራሲው» ሲራክ ስለ ተባለ ጸሐፊ የሚተርክ ሲሆን፤ ለሲራክ መነሻ የሆነው ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

የመጨረሻው «ኦሮማይ» ነው። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ብሎ የጠራውን ታላቅ ዘመቻ ሲያደርግ በዓሉ በሥራው ምክንያት አስመራ ነበር። ያየውንም በጋዜጠኛው በፀጋዬ ኃይለ ማርያም ዓይን አድርጎ ጻፈው። ሠርጉ የተቃረበ ጋዜጠኛ ወደ ጦርነት ከተማ ሲላክ፣ ፊያሜታ የምትባል ልጅ ሲወድ፣ በድል መግለጫ የተጀመረው ዘመቻ በናቅፋ ተራሮች ላይ በደም ሲቆም ያሳየናል። ኦሮማይ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ንግግር የገባ ሲሆን፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ፍጹም ነበር ብለን ልንነግራችሁ አልመጣንም። አገራችን ሙት ወቃሽ አታድርገኝ የሚል አባባል አላት፤ መልካም አባባል ነው። ነገር ግን ይህ አባባል የሟችን ክብር ይጠብቅልን እንጂ እውነቱን እንዲሸፍንብን ልንፈቅድለት አይገባም። በዓሉ ግርማ እሱን ባጠፋው ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ወንበር ይዞ ይሠራ ነበር። የዚያ መንግሥት ማስታወቂያ ክፍል የሚያወጣው ቃል በእጁ ያልፍ ነበር። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» አብዮቱን ተስፋ አድርጎ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ይህን ሁሉ ደብቀን በመጨረሻው መጽሐፉና በመጨረሻው ቀኑ ብቻ ጻድቅ ብናደርገው፤ ውለታ የዋልንለት ሊመስለን ይችላል። በእውነቱ ግን ትልቁን ነገር እንቀማዋለን። ትልቁ ነገር ይህ ሰው ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየውን እንዳየው ለመጻፍ መወሰኑ ነው። ከውጭ ሆኖ የሚናገር ሰው የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ከውስጥ ሆኖ የሚናገር ግን እንጀራውንም፣ ወዳጁንም፣ ሕይወቱንም አንድ ላይ ያስይዛል። ድፍረቱ የሚታየን ወንበሩን ስናውቅ ነው።

ስለዚህ ድንገት የተወሰደን ሰው ስናስብ ሁለት ፈተና ይጠብቀናል። አንዱ በአሟሟቱ ታስሮ መቅረት ነው፤ ሁለተኛው ሙሉ ሰውን ትተን ሥዕል ማምለክ ነው። ሁለቱም ከሥራው ያርቁናል። የሰው ውርስ ደግሞ እንደ ርስት በስሙ ተጽፎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ርስት ወራሹ ቢተኛም ርስት ነው፤ መጽሐፍ ግን አንባቢው ከተኛ ወረቀት ነው። በዓሉ ትቶት የሄደው ነገር ሁሉ የሚቆመው በሕይወት ባሉት ትከሻ ላይ ነው።

የ«ኦሮማይ» ዕድል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። መጽሐፉ ሲከለከል ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተወውም፤ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ አነበበው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ እንደ ገና ታተመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ። አበቃ የሚል ስም የተሰጠው መጽሐፍ እነሆ አላበቃም። ይህን ያደረገው አዋጅ ወይም ሐውልት አይደለም፤ መጽሐፉን በጋቢው ሥር ደብቆ ለጎረቤቱ ያሻገረው ስሙን የማናውቀው አንባቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሥራው ቢቀር ለቤተሰቡ ምን ይጠቅማል? መጽሐፍ አባት ሆኖ ልጅ ያሳድጋልን? የሚል ሰው እውነት አለው። ውርስ ማጣትን አይተካም። የበዓሉን መጽሐፍ ማንበባችን ለባለቤቱ ባሏን፣ ለልጆቹ አባታቸውን አይመልስም። እንዲሁም ሥራው ስለ ቀረ በቃ፣ ማን እንዳጠፋው አይጠየቅ ልንል አንችልም። ፍትሕ የራሱ መንገድ አለው፤ ዕዳውም በንባብ አይሰረዝም። የኛ ሐሳብ ጥያቄው እየተጠየቀ ሥራውም ይነበብ፤ አንዱ ሌላውን አያስረሳው ነው።

ሁለተኛም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ይከብደናል። በዓሉስ ስድስት መጽሐፍ ነበረው፤ ምንም ሳይጽፍ የጠፋውስ? በቀይ ሽብር ዘመን የጠፉት አብዛኞቹ በኛ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፍ ለመጻፍ ቀርቶ ፈተናቸውን ለመጨረስ አልደረሱም። በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቆመውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው በግድግዳው ላይ የተደረደረውን የወጣቶች ፎቶግራፍ አይቶታል። ጉርድ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሱ የሚመስሉም አሉባቸው። የነዚህ ውርስ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፤ አንዲት እናት የምታስታውሰው የሳቅ ድምፅ፣ አንድ ጓደኛ የሚያስታውሰው ክርክር፣ በሣጥን ሥር የቀረ ደብተር ነው። እናትዮዋ ስታልፍ ሳቁ አብሯት ያልፋል። ጓደኛው ሲያረጅ ክርክሩ ይጠፋዋል። ደብተሩን አይጥ ይበላዋል። መጽሐፍ ያለው ሰው ይቆይ ይሆናል፤ መጽሐፍ የሌለው ግን ሌላ ሰው ካልጻፈለት ሁለተኛ ሞት ይሞታል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የስብሰባችን ልማድ ተናግሮ፣ ተጨብጭቦ፣ መበተን ሆኖ እንዳይቀር ሦስት ነገር ለኅብረታችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የንባብ ጓድ እናቋቁም። የበዓሉን መጻሕፍት ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምረን፣ «ከአድማስ ባሻገር»ን አስቀድመን፣ በየሁለት ሳምንቱ እየተሰበሰብን እናንብብ። ያላነበበ ሰው ስለ አጠፋፉ ለመከራከር ቢፈልግ፤ በመጀመሪያ ስለ አኗኗሩ አንድ ምዕራፍ ያንብብ።

ሁለተኛ፤ ስድስቱ መጻሕፍት የሥራው አንድ ወገን ብቻ ናቸው። በጋዜጠኝነት ዘመኑ ያዘጋጃቸው ጋዜጦችና መጽሔቶች በየቤተ መጻሕፍቱ ተጠርዘው ተቀምጠዋል። ከየክፍሉ ጥቂት ፈቃደኞች ተውጣጥተው፣ አቧራውን እያራገፉ፣ የጻፈውን በርእስና በቀን ይመዝግቡ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሳስ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል።

ሦስተኛ፤ ይህም ከሁሉ ይበልጣል፤ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ከቤተሰባችን ወይም ከጎረቤታችን ድንገት ጠፍቶ ያልተመለሰ፣ ወይም በወጉ ያልተለቀሰለት ሰው ካለ፤ አያቶቻችንን፣ አጎቶቻችንንና አክስቶቻችንን በአክብሮት እንጠይቅ። እንዴት ሞተ ብለን አንጀምር። ምን ይወድ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ ማንን አስተማረ፣ ምን ሊሠራ ያስብ ነበር ብለን እንጀምር። ሊናገሩ ያልፈለጉ ቢኖሩ አናስገድዳቸው፤ ዝምታቸውም የሐዘናቸው ወገን ነው። የተናገሩትን ግን በቃላቸው እንጻፈው። አንድ ገጽም ቢሆን ለዚያ ሰው በቀብሩ ዕለት ሊነበብለት ይገባው የነበረው የሕይወት ታሪክ እሱ ነው።

በሙት አጥንት ላይ ፖለቲካ ልንሠራ ነው ብሎ የሚፈራ ካለ ፍርሃቱ ይገባናል። በአገራችን የአንዱን ሙት አንስቶ የሌላውን ሙት መቅበር የተለመደ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰማዕት ይቆጥራል፤ የሌላውን ሲያነሡበት ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ መዝገባችን የማን ወገን ነበር ብሎ ሰው የማይመርጥ ይሁን። ንጉሡን ያነሣን፣ ጳጳሱንና ቄሱን ያነሣን፣ የደርግን ባለሥልጣን ያነሣን፣ ስሙን የማናውቀውን ተማሪ ያነሣን አውቀን ነው። ልጇን ያጣች እናት ሁሉ የምታለቅሰው በአንድ ቋንቋ ነው።

እኛ ነገ እንዴት እንደምንሄድ አናውቅም። ሥራችንን በወጉ ጨርሰን፣ ልጆቻችንን ድረን፣ በአልጋችን ላይ ተኝተን ይሁን፤ ወይም ሐሳባችን እኩሌታው ላይ ሳለ ይሁን፤ ይህ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ዛሬ የምንሠራውን ሌላ ሰው ሊረከበው በሚችልበት አኳኋን መሥራት ነው። የምናውቀውን ለታናሻችን ማስተማር፣ ያየነውን በግልጥ መጻፍ፣ የጀመርነውን የት ላይ እንዳደረስነው ለጓደኛችን ማሳወቅ ነው። በዓሉ ግርማ ከቤቱ ሲወጣ «ኦሮማይ» ተጽፎ አልቆ ነበር። ሊያጠፉት የፈለጉት ሰዎች የዘገዩት በዚህ ነው።

እርም የምናወጣለት መቃብር የለንም፤ ስለዚህ በንባብና በጽሑፍ እናውጣለት። የሱን ከጨረስን በኋላ የሌሎቹ ተራ ነው፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ የሚያስታውሱት ሰዎችም እያረጁ ናቸው። ስለዚህ ፈቃደኞች ዛሬውኑ ከመበተናችን በፊት ስማችሁን ለኅብረቱ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እንለምናለን።